የስም ዋጋ፦ የጥንታዊ አሜሪካ ዕቃዎች የሐራጅ ካታሎግ እንደ ድርሰት ሲነበብ

የሐራጅ ካታሎግ በሐያስያን ዘንድ እንደ ድርሰት ተቆጥሮ ሲመረመር እምብዛም አይታይም። የሸቀጥ ማስታወቂያ ነው ተብሎ ይታለፋል። ይሁን እንጂ በየዓመቱ በጥር ወር ኒው ዮርክ ላይ የጥንታዊ አሜሪካ የቤት ዕቃና ሥዕል ሽያጭ ሲቃረብ የሚታተሙትን ጥራዞች ተቀምጦ ያነበበ ሰው፣ የራሱ ሕግ፣ የራሱ ቃላት፣ ከሁሉ ይልቅ ደግሞ የራሱ ዝምታ ያለው የጽሑፍ ዓይነት እንደ ሆነ ይረዳል። በዚህ ጽሑፍ ልናደርግ የምንሻው ይህንኑ መመርመር ነው። የዕቃዎቹን ውበት የምንንቅ ሆነን አይደለም፤ ከኒውፖርትና ከፊላደልፊያ ጠራቢዎች እጅ የወጣውን ሥራ አይቶ የማይደነቅ ዓይን የለም። ነገር ግን ገዢው ገንዘቡን የሚያፈሰው ለእንጨቱ ብቻ ሳይሆን ስለ እንጨቱ ለተጻፈውም ነውና፣ የተጻፈው እንደ ጽሑፍ መተቸት ይገባዋል። (የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ፣ ካላመለከትን በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አንድ የካታሎግ አንቀጽ ሲከፈት በደማቅ ፊደል ርእሱ ይቀድማል፤ የዕቃው ዓይነት፣ የተሠራበት ከተማ፣ ዘመኑ፣ ከታወቀም የሠሪው ስም። ቀጥሎ እንጨቱና ልኩ ይመጣል። ከዚያ በታች ባለቤቶቹ በየተራቸው ይዘረዘራሉ። ዕቃው የከበረ ከሆነ ደግሞ ምሁር የጻፈው ሐተታ ይታከልበታል። ስለ ሥዕል በሚሆንበት ጊዜ የስም አጠቃቀሱ ደረጃ አለው። ሠዓሊው ያለ አንዳች ቅጽል በሙሉ ስሙ ከተጠቀሰ፣ ሐራጅ ቤቱ ሥራው የእርሱ ነው ብሎ ያምናል ማለት ነው። «የእገሌ ነው ተብሎ የሚገመት» ከተባለ አንድ ደረጃ ወረደ። «ከእገሌ የሥራ ቤት»፣ «ከእገሌ ዙሪያ»፣ «የእገሌ ተከታይ»፣ «በእገሌ አሠራር»፣ በመጨረሻም «ከእገሌ የተቀዳ» እያለ መሰላሉ ይወርዳል፤ ዋጋውም አብሮት ይወርዳል። በአንድምታ ትርጓሜ ያደገ አንባቢ ነገሩ የሚያውቀው ይመስለው ይሆናል፤ ግን ልዩነት አለው። በአንድምታ ሁለተኛው ፍቺ «አንድም» ብሎ ሲመጣ የፊተኛውን አያረክሰውም። እዚህ ግን እያንዳንዱ «ምናልባት» በዶላር ይቆጠራል። ሐራጅ ቤቱም ቢሆን ዋስ የሚሆነው በርእሱ ላይ ላሰፈረው ነው፤ ያውም አብዛኛውን ጊዜ ለ5 ዓመት። ገዢውን ይበልጥ የሚያስጎመጀው ሐተታ «አስተያየት» ተብሎ ከኃላፊነት ያመልጣል።

የዚህ ድርሰት ልቡ ግን የባለቤትነት ሐረጉ ነው። ከመጀመሪያው ባለቤት ለልጁ፣ ከልጁ ለልጅ ልጁ፣ «በቤተሰብ ውርስ» እስካሁኑ ባለቤት፤ ይህ አነጋገር በየገጹ ይደጋገማል። በጎጃምና በጎንደር በርስት ሲሟገት የኖረን ሰው አነጋገር ያስታውሰናል። ያ ተሟጋች ዳኛ ፊት ቆሞ ከራሱ ተነሥቶ እስከ አቅኚው አባት ትውልዱን ሲቆጥር፣ ሐረጉ አንድ ስፍራ ላይ የተበጠሰበት እንደ ሆነ መሬቱ አመለጠው ማለት ነበር። እዚህም እንደዚያው ነው፤ ልዩነቱ ባለርስቱ ትውልድ የሚቆጥረው መሬቱን ሊይዝ፣ ባለ ዕቃው ግን ሊሸጥ መሆኑ ነው። አንባብያን በዚህ ቦታ መቅደላን ማሰባቸው አይቀርም። እንግሊዞች በሚያዝያ 1868 በደላንታ ሜዳ የምርኮውን ዕቃ በሐራጅ ከሸጡ ወዲህ «በቤተሰብ ውርስ» የሚለው ቃል ስንቱን ነገር ሸፍኖ እንደ ኖረ የምናውቅ ነን። ጉዳዩ ራሱን የቻለ ጥናት የሚሻ ስለ ሆነ ግን በዚህ አቁመን ወደ አሜሪካው እንመለስ።

ለመሆኑ የአያትን ወንበር እንደ ታቦት ማክበር በአሜሪካ ከየት መጣ? በሕዝብ ዘንድ ጎልቶ የወጣበትን ዓመት መጥቀስ ይቻላል። በኅዳር 1924 የኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም «የአሜሪካ ክንፍ» የተባለውን ክፍሉን ከፈተ። የቅኝ ግዛት ዘመን እልፍኞች ከነግድግዳቸው ተነቅለው መጥተው በሙዚየሙ ውስጥ ተተከሉ። በዚያው ዓመት፣ በግንቦት ወር፣ የጆንሰን–ሪድ ሕግ ተፈርሞ ነበር፤ ከምሥራቅና ከደቡብ አውሮፓ የሚመጣውን ስደተኛ በጠባብ ኮታ የያዘው፣ ለእስያ ሰው ደግሞ በሩን ጨርሶ የዘጋው ማለት ይቻላል። የክንፉ ዋነኛ አደራጅ አር. ቲ. ኤች. ሃልሲ የባዕድ ሐሳብ መጉረፍ ሪፐብሊኩን የሚያሰጋ መሆኑን፣ እነዚህ እልፍኞችም ለአገር ፍቅር ትምህርት የሚያገለግሉ መሆናቸውን ያምን ነበር። ሕጉና ሙዚየሙ የተማከሩ ናቸው አንልም። አንድ ስጋት የወለዳቸው መሆናቸውን ግን ለመካድ ያስቸግራል።

ነገሩን አስገራሚ የሚያደርገው፣ ይህን ሁሉ ወንበርና ቁም ሣጥን ከየሰገነቱና ከየጎተራው እየፈለገ ዋጋ እንዲያወጣ ካደረጉት ሰዎች ግንባር ቀደሙ ራሱ ስደተኛ መሆኑ ነው። እስራኤል ሳክ በ1883 ሊቱዌኒያ ውስጥ ካውናስ ከተማ የተወለደ አይሁዳዊ አናጢ ነበር። በ1903 ቦስተን ገብቶ በአሮጌ ዕቃ ጥገና ሥራ ጀመረ። ዕቃውን በእጁ እየፈታ እየገጠመ ስላጠና፣ የአገሬው ሰው «የአያቴ ነው» ብሎ ብቻ የሚያውቀውን እርሱ የትኛው ከተማ እንደ ሠራው፣ የቱ እግር በኋላ እንደ ተተካ ለይቶ ይናገር ጀመር። ለሄንሪ ፎርድና ለሄንሪ ፍራንሲስ ዱ ፖንት የሸጠው እርሱ ነው። ልጁ አልበርት ሳክ በ1950 ባሳተመው መጽሐፍ ተመሳሳይ ዕቃዎችን ጎን ለጎን እያስቀመጠ «ጥሩ»፣ «የተሻለ»፣ «ከሁሉ የተሻለ» ሲል ደረጃ አወጣላቸው፤ ይህም ፍርድ በሰብሳቢዎች ዘንድ እንደ ቀኖና ተያዘ። የሌላውን አገር ቅርስ ከባለቤቱ ይልቅ አውቆ ማስተማር ለስደተኛ ምን ዓይነት ዕጣ እንደ ሆነ፣ በባዕድ ዩኒቨርሲቲ ወንበር ላይ የተቀመጡ አንባቢዎቻችን ከእኛ የበለጠ ያውቁታል። የአሜሪካ ክንፍ የታሰበው ለሳክ ዓይነቱ ሰው ማስተማሪያ ሆኖ ነበር፤ አስተማሪው ግን እርሱ ሆኖ ተገኘ።

ዋጋው እንዴት እንደ ወጣ ሁለት ሽያጮች ይነግሩናል። የመጀመሪያው በሚያዝያ 1929 የሃዋርድ ራይፍስናይደር ስብስብ ኒው ዮርክ ላይ የተሸጠበት ነው። «ቫን ፔልት» በሚል ስም የሚታወቀው የፊላደልፊያ ባለ መሳቢያ ረጅም ቁም ሣጥን በ44,000 ዶላር ለዱ ፖንት ወጣ፤ የተሸነፈው ጋዜጣ አሳታሚው ዊሊያም ራንዶልፍ ኸርስት ነበር። ከስድስት ወር በኋላ የዎል ስትሪት ገበያ ወደቀ፤ ያ ዋጋም ለብዙ ዘመን የሚደርስበት አጣ። ሁለተኛው ሽያጭ በሰኔ 3 ቀን 1989 በክሪስቲስ ሐራጅ ቤት የተካሄደው ነው። ለሽያጭ የቀረበው በ1760ዎቹ ለፕሮቪደንሱ ነጋዴ ለኒኮላስ ብራውን የተሠራ፣ የኒውፖርቱ የጆን ጎዳርድ ሥራ ነው ተብሎ የሚገመት፣ ከላዩ የመጻሕፍት ቁም ሣጥን ያለው የማሆጋኒ መጻፊያ ጠረጴዛ ነው። ቁመቱ ከ2 ሜትር ተኩል ይበልጣል፤ ፊቱ በዛጎል ቅርጽ ተቀርጿል። መዶሻው 11 ሚሊዮን ዶላር ላይ ሲወርድ፣ ሐራጅ ቤቶቹ ከ1975 ጀምሮ ገዢውን ማስከፈል የለመዱት 10 ከመቶ ተጨምሮበት 12.1 ሚሊዮን ሆነ። እስከዚያ ቀን ድረስ ለማናቸውም አገር የቤት ዕቃ በሐራጅ ይህን ያህል ተከፍሎ አያውቅም ነበር። ለደንበኛው ሆኖ የተጫረተው ሃሮልድ ሳክ ነው፤ የዚያ የካውናስ አናጢ ልጅ። ገንዘቡም የቤተሰቡን የቀድሞ መኖሪያ ቤት ለማደስ ዋለ።

እዚህ ላይ የካታሎጉን ሐረግ ወደ ኋላ እንከተለው። ሐረጉ የሚጀምረው «ኒኮላስ ብራውን» ብሎ ነው። አቅኚው አባት እርሱ ነው ማለት ነው። ከእርሱ በፊት ግን ዕቃው እንጨት ነበር፤ ከእንጨቱም ጎን ገንዘብ ነበር። ማሆጋኒ በኒው ኢንግላንድ አይበቅልም። ከካሪቢያን ደሴቶችና ከሆንዱራስ ባሕረ ሰላጤ ደን በባሪያዎች እጅ እየተቆረጠ በመርከብ የሚመጣ እንጨት ነው። ገንዘቡን በሚመለከት ደግሞ የተጻፈ መዝገብ አለ። በመስከረም 1764 ኒኮላስና ሦስት ወንድሞቹ «ሳሊ» የምትባል መርከብ ወደ ምዕራብ አፍሪካ ላኩ፤ የመርከቧ አዛዥ በኋላ የአሜሪካ አብዮት የባሕር ኃይል የመጀመሪያ ዋና አዛዥ የሆነው ኤሴክ ሆፕኪንስ ነበር። መርከቧ 196 አፍሪካውያን ገዛች። ከእነዚህ ቢያንስ 109ኙ በረኀብ፣ በበሽታ፣ በአመፅና ራስን በመግደል ሞቱ። ይህን ሁሉ ከወንድማማቾቹ የሒሳብ መዝገብ አውጥቶ ለሕዝብ ያቀረበው፣ የቤተሰቡን ስም የያዘው የብራውን ዩኒቨርሲቲ ራሱ ነው። ፕሬዚዳንቷ ሩት ሲመንስ በ2003 ያቋቋሙት ኮሚቴ በ2006 ሪፖርቱን አወጣ።

ጠረጴዛው «በሳሊ ገንዘብ ተገዛ» ማለታችን አይደለም፤ ያች ጉዞ ለወንድማማቾቹ ኪሳራ ነበረች። ነጥባችን የአጻጻፍ ነጥብ ነው። የሐረጉ ቅርጽ ከመጀመሪያው ባለቤት በላይ ያለውን ለማስፈር ስፍራ የለውም። ማን ቆረጠው፣ ማን ጫነው፣ በምን ተከፈለ የሚሉ ጥያቄዎች ውሸት ተብለው የተሰረዙ አይደሉም፤ መስመር ስላልተመደበላቸው ብቻ ቀሩ። ከውሸት ይልቅ እንዲህ ያለው የቅርጽ ዝምታ ለሐያሲ የሚከብደው፣ ጥፋተኛ ነው ብሎ የሚይዘው ደራሲ ስለሌለ ነው።

ስምና ዋጋ የሚያወጡት እነዚህ ባለሥልጣኖች የማይሳሳቱ ናቸው የሚል ካለ ሁለት ነገር ብቻ እናስታውሰው። በ1969 የሮድ አይላንዱ ቀራጺ አርማንድ ላሞንታኝ አዋቂዎችን ለማታለል አስቦ የ17ኛው መቶ ዓመት «ብሩስተር» ወንበር አስመስሎ ሠራ። የሄንሪ ፎርድ ሙዚየም በ1970 በ9,000 ዶላር ገዝቶ አክብሮ አስቀመጠው። እውነቱ የወጣው በ1977 ሲሆን፣ ቀዳዳዎቹ በዘመናዊ መሰርሰሪያ የተበሱ ሆነው ተገኙ። ሁለተኛው የጨረታው ሥርዓት ራሱ ነው። አጫራቹ ሻጩ የወሰነው ዝቅተኛ ዋጋ እስኪደርስ ድረስ፣ ማንም እጁን ሳያነሣ ከባዶ አየር ዋጋ እየጠራ እንዲያስወጣ ተፈቅዶለት ኖሯል፤ ባለሙያዎቹ ራሳቸው «ከጣሪያው መብራት ዋጋ መቀበል» እያሉ ይቀልዱበታል። ሶዘቢስና ክሪስቲስም ተመካክረው የኮሚሽን ዋጋ ወስነዋል ተብለው በ2000 ለደንበኞቻቸው 512 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማሙ፤ የሶዘቢስ ሊቀ መንበር የነበረው አልፍሬድ ታውብማንም ታሰረ። ይህን የምናነሣው ለሐሜት አይደለም። የዋጋ ዳኛ ነኝ የሚለው ወገን በጨረታው ውስጥ የራሱ ጥቅም ያለው መሆኑን ለማመልከት ነው።

አሁን ወደ ሥዕል እንሻገር፤ ምክንያቱም የካታሎጉ ዝምታ በሸራ ላይ በቀለም ተቀብቶ የታየበት አንድ ምሳሌ አለ። በ1837 ገደማ ኒው ኦርሊንስ ውስጥ የተሣለ፣ የዣክ አማንስ ሥራ ነው ተብሎ የሚገመት የቡድን ሥዕል ነው። የነጋዴው የፍሬይ ሦስት ልጆች ከፊት ቆመዋል፤ ከኋላቸው ዛፍ ተደግፎ፣ እጆቹን አጣምሮ፣ አንድ ጥቁር ልጅ ቆሟል። ስሙ ቤሊዜር ነው። በ1822 ተወለደ፤ በስድስት ዓመቱ ከእናቱ ከሳሊ ጋር ለፍሬይ ተሸጠ። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ቤሊዜርን አንድ እጅ በሰማይና በዛፍ ቀለም ሸፈነው። የኒው ኦርሊንስ የሥነ ጥበብ ሙዚየም በ1972 ሥዕሉን በስጦታ ተቀብሎ ከ30 ዓመት በላይ በመጋዘን አኖረው፤ በ2005ም በክሪስቲስ አማካይነት አሸጠው። የተከፈለው 7,200 ዶላር ነበር። ገዢው ሲያስጠርገው ልጁ ከቀለሙ ሥር ብቅ አለ። ከዚያ በኋላ አንድ የሉዊዚያና ሰብሳቢ ገዝቶ በታሪክ አጥኚ አስመረመረው፤ የሽያጭና የንብረት መዝገብ ተገልብጦ ስሙ ተገኘ። በ2023 ያ በአሜሪካ ክንፉ የሚኮራው ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ሥዕሉን ወሰደ፤ ዛሬ የሚጠራው «ቤሊዜርና የፍሬይ ልጆች» በሚል ርእስ ነው።

በዚህ ሥዕል ታሪክ ሁለት ዓይነት ሽያጭ እየተፈራረቁ መምጣታቸውን አንባቢ ልብ ይበል። ቤሊዜር በ1828 ተሸጠ፤ በ1856 እንደ ገና ኤቨርግሪን ለተባለው የሸንኮራ እርሻ ተሸጠ። ከ1861 ወዲህ ዱካው አይገኝም። ፍሬይዎቹ ሁለት ሴት ልጆች ሥዕሉ በተሣለበት ዓመት ሞተዋል፤ ወንድማቸውም ብዙ ሳይቆይ ተከተላቸው። ከአራቱ ለአካለ መጠን የደረሰው እርሱ ብቻ ነው። ስሙ ሊታወቅ የቻለውም ስለ ተሸጠ ነው፤ የባሪያ ሽያጭ ውል ስሙን፣ ዕድሜውንና ዋጋውን ይዞ ቆየ። የሥዕሉ ሐረግ ያላስቀመጠውን ስም የሰውየው ሽያጭ አስቀመጠው። ከዚህ የበለጠ መራራ ነገር በዚህ የጽሑፍ ዓይነት ውስጥ አላገኘንም።

በብራና መጻሕፍት የሠሩ ባልደረቦቻችን ይህ ሽፈና እንግዳ አይሆንባቸውም። በመጻሕፍቶቻችን ጸሎት ውስጥ የፊተኛው ባለቤት ስም ተፍቆ የኋለኛው ስም የተጻፈበት ስንት ነው! መፋቂያው ያገረጣው ስፍራ ግን ራሱ ይናገራል፤ ጸሐፊ ዓይኑን አቅርቦ ቢያይ አሮጌውን ፊደል አልፎ አልፎ ያነብበዋል። ልዩነቱ በእኛ ዘንድ ባለቤት ባለቤትን ሲፍቅ፣ በሉዊዚያናው ሥዕል ግን ንብረት ተብሎ የተቆጠረ ሰው መፋቁ ነው።

የመጨረሻው ምሳሌያችን ሸክላ ነው። በሳውዝ ካሮላይና ኤጅፊልድ በተባለ ወረዳ ዴቭ የሚባል ባሪያ ሸክላ ሠሪ ነበር፤ ከነጻነት በኋላ ዴቪድ ድሬክ ተብሏል። ግዙፍ ጋኖችን ይሠራ ነበር። ባሪያን ማንበብና መጻፍ ማስተማር በሕግ በታገደበት በዚያው በ1834፣ እርሱ በእርጥብ ጭቃ ላይ ቀን እየጻፈና ግጥም እየቀረጸ ነበር። በኋላም ስሙን ፈረመ። እንግዲህ የካታሎግ ጸሐፊ ያላሰፈረውን ዕቃው ራሱ ተሸክሞ መጣ። በ2021 በሜሪላንድ ክሮከር ፋርም የተባለ ሐራጅ ቤት በ1858 የተሠራ 25 ጋሎን የሚይዝ ጋኑን በ1.56 ሚሊዮን ዶላር ሸጠ፤ ገዢው በአርካንሶ የሚገኘው ክሪስታል ብሪጅስ ሙዚየም ነው። ለአሜሪካ ሸክላ በሐራጅ ከተከፈለው ሁሉ ከፍተኛው ይኸው ነበር።

ከባልደረቦቻችን አንዳንዶቹ ይህን ዋጋ ሲሰሙ ገበያው ራሱን አረመ ይላሉ። እኛ አንስማማም። በ7,200 ዶላርና በ1.56 ሚሊዮን መካከል ያለው ርቀት የሚያሳየው ገበያው ስም መግዛት መልመዱን ነው፤ ቀድሞ የባለቤቱን ስም ይገዛ ነበር፣ አሁን የሠሪውንም ይገዛል። ሐረጉ እንደ ድሮው ከሻጭ ወደ ሻጭ ይሄዳል፤ ለስሙ የተከፈለው ገንዘብም ወደ ስሙ ባለቤት ዘር አይደርስም። ይህን ስንል በአፋችን ላይ ሊመጣ የሚገባውን ወቀሳ አንሸሽም። ሸክላ ሠሪን፣ አንጥረኛን፣ ሸማኔን ከጎረቤቱ ለይቶ ያገለለ ኅብረተሰብ ልጆች ነን። ሠራተኛን በሥራው መስደብ ክልክል መሆኑን ዳግማዊ ምኒልክ በእኛ አቆጣጠር በ1900 ዓ.ም. በአዋጅ መናገር ያስፈለጋቸው ስድቡ የዕለት ልማድ ስለ ነበረ ነው። በአያቶቻችን ጓዳ የነበረውን ጋን ማን ሴት እንደ ሠራችው የሚነግረን የትኛው መዝገብ ነው? የኤጅፊልዱ ባሪያ ቢያንስ ፊርማውን አስቀርቷል።

በ2025 ግን ከዚህ ልማድ የወጣ አንድ ነገር ተደረገ። የቦስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም በ1857 የተሠሩ ሁለት የዴቭ ጋኖችን ባለቤትነት ለሸክላ ሠሪው ዘሮች መለሰ፤ ለናዚ ዘረፋ ሰለባዎች ወራሾች የሚደረገውን ዓይነት አሠራር በአሜሪካ ባርነት ሥር ለተሠራ ዕቃ ማዋሉ ነው። አንደኛው ጋን በቤተሰቡ ባለቤትነት ሥር ሆኖ በውሰት በሙዚየሙ ቆየ። ግጥም ያለበትን ሁለተኛውን ሙዚየሙ መልሶ ከዘሮቹ ገዛው። በዚህ ሽያጭ ሐራጅ አልነበረም፤ መዶሻም አልወረደም። በባለቤትነት ሐረጉ ውስጥ ግን የሠሪው ቤተሰብ ሻጭ ሆኖ ገባ። በጋኑ አንገት ሥር የተቀረጸው ግጥም ከ168 ዓመት በፊት የሚናገረው ስለ ገንዘብ ነው፤ ጋኑ የተሠራው ለሽያጭ መሆኑን፣ ከሽያጩ ዋጋ ሳንቲም የማይደርሰው ሰው በራሱ እጅ ጽፎበታል።